አክስቴ ጥርስ ያስተከለች ጊዜ

አክስቴ ሮማነወርቅ እኛ ቤት በገባች ሳምንት የእኔም የፊት ጥርስ ወለቀ። ይህን ያለነገር አላነሣሁትም። አንድ ቤት ውስጥ የፊት ጥርስ የሌለን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዷ እንቁላል በቅቤ ተመትቶ አልጋዋ ድረስ ይመጣላታል፣ ሌላዋ «አንቺ ልጅ፣ ከእግሬ ሥር ዞር በይልኝ!» ትባላለች። ሌላዋ እኔ ነኝ።

ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነበር። የምንኖረው ሐረር ከተማ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ ግንብ ለግንብ ተጠጋግቶ ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት ሰፈር፣ አው ዐብዱልወሃብ ግቢ ውስጥ ነው። ክፍላችን ድሮ የእሳቸው ነበረች፤ ከትርፍ ቤት አዋጁ ወዲህ የቀበሌ ሆናለች። እሳቸው ግን ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የበራችንን ማጠፊያ ዘይት ይቀቡት ነበር፤ «የእኔ ናት» ማለታቸው ይሁን ወይ ሲጢጥ ማለቷ አስመርሯቸው፣ እግዜር ይወቅ። ሥራቸው ወርቅ አንጥረኛነት ነው። ልጆቻቸው በቋንቋቸው አባታቸውን «አው» እናታቸውን «አይ» ስለሚሉ፣ እኛም ባልየውን አው ዐብዱልወሃብ፣ ሚስትየዋን አይ መሪየም እንል ነበር። ትንሿ ልጃቸው ሙና እኩያዬ ናት። ሁሉን አዋቂ ነበረች፤ የማታውቀውን ደግሞ ይበልጥ ታውቀው ነበር።

አክስቴን አባቴ ነው ያመጣት። በፔጆ ታክሲ እስከ በሩ አድርሷት፣ ከዚያ ወዲህ ክንዷን ደግፎ ቀስ፣ ቀስ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ጸጉሯ እንደ ወንድ አጥሮ ተቆርጧል። የእናቴ ታናሽ እህት እንደሆነችና አስተማሪ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ያየኋት ግን ገና በእንብርክኬ ስሄድ ነው አሉ። እናቴ አየቻትና አንድ ቃል ሳትናገር አንገቷ ውስጥ ገባች። ምነው እንዲህ የሚታቀፉት? እኔ ስወድቅ እንኳ እንዲህ ታቅፋኝ አታውቅም።

«አክስትሽ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው፤ አትጠይቂያት» ተባልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእሷ ሆነ። አባቴ አልጋውን ለቆላት ከእኔ ጋር መሬት ተኛ። ወተቱ የእሷ፣ የአጥንት ሾርባው የእሷ፣ ገንፎው የእሷ። አይ መሪየም ሀልዋ በሰሐን ሸፍነው ያመጡና «አፏ ውስጥ ይሟሟል፣ መንከስ አያስፈልጋትም፣ መስኪን» ይላሉ። ለእኔ የሚደርሰኝ ሰሐኑ ነው፤ እሱንም እልሳለሁ።

ጥርሴ የወለቀው በዚህ መሀል ነው። እኛ ሰፈር የወለቀ የልጅ ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወራል። ቁራን ጠርተን «የኔን አሮጌ ውሰድ፣ ያንተን አዲስ አምጣ» እንላለን፤ እናት ደግሞ ከኋላ ቆማ እልል ትላለች። እልልታ የሌለበት ጥርስ ጠምሞ ይበቅላል ትል ነበር ሙና። ጥርሴን በመዳፌ ይዤ እናቴ ዘንድ ሮጥኩ። እናቴ የአክስቴን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አይ መሪየም የበጠበጡትን ሂና ውስጥ እግሯ ላይ ትቀባት ነበር።

«እማዬ፣ ወለቀ!»

«ጎሽ፣ ወርውሪው» አለች፤ ቀናም አላለች።

ብቻዬን ወረወርኩት፤ ለራሴው እልል አልኩ። እልልታ ደግሞ ያለ ጥርስ አይሆንም፤ ፉጨት ነው የሚወጣው።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ አክስቴን ጠየቅኋት። «እትዬ ሮማን፣ ያንቺን የት ወረወርሽው?»

የእናቴ ጭልፋ ድስቱ ላይ ቀረ።

«ጣራ ላይ ብትወረውሪው እኮ እስካሁን በቅሎልሽ ነበር» አልኩ፣ እንደ መካር።

አክስቴ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። ከሥሩ ቀስ ብላ «እንድወረውረው አልሰጡኝም» አለች። «ስ» የምትለው እንደ እኔው ፉጨት ነበር የሚሆንባት።

«እነማን?»

«ብዪ!» አለች እናቴ። በዚያ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ለእሷ ሲሉ ተቆጡኝ ብዬ ቂሜን ቋጠርኩ። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ቤት ማንም ሊጠይቃት ያልደፈረውን የጠየቅኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ የመለሰችውም ለእኔ ብቻ ነው።

ነገሩን የፈታችልኝ ሙና ናት። ግንቡ ላይ ተቀምጠን ሸንኮራ እየላጥን፣ እኔ በጎን ጥርሴ እየታገልኩ፣ «ሙሽራ ናት» አለችኝ።

«ማን?»

«አክስትሽ ነቻ! አታዪም እንዴ? ከቤት አትወጣም። ፊቷን ትሸፍናለች። ለሰው አትናገርም። ጥሩ ጥሩውን ትበላለች። ሂና ደግሞ ተቀብታለች፣ ወላሂ፣ እናቴ ስትበጠብጥ አይቻለሁ።»

«የእኛ ሙሽሮች ሂና አይቀቡም።»

«ሸዋ ነዋ! ሐረር ያገባች ትቀባለች።»

ሁሉም ነገር ገጠመ። ለዚህ ነው የሚንሾካሾኩት፤ ለዚህ ነው ስገባ ዝም የሚሉት። ሰርግ ደብቀውኛል!

ሂና የቆሰለ ውስጥ እግርን እንደሚያበርድ ያወቅሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ውስጥ እግሯ እንዲያ የሆነው በምን እንደነበረ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ።

ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ሙሽራው መጣ። አቶ ኃይለመስቀል ይባላል። ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ጥርስ የሚነቅልና የሚተክል ሰው ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ትንሽ ቦርሳ። ሽቶው ከበሩ ቀድሞ ገባ። እናቴ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። የአክስቴን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ፣ መስኮቱ ወዳለበት አዞራትና «አፍሽን ክፈቺ እህቴ። ቀስ ብለሽ። ማንም አይነካሽም» አላት።

እንዲህ ያለ ሙሽራ! አባቴ እናቴን እንዲህ ሲያነጋግራት አይቼ አላውቅም።

በላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ጀሶ አቡክቶ፣ ሰፋ ባለ ማንኪያ መሳይ ነገር ላይ ሞላውና ወደ አፏ አስጠጋው። አክስቴ ድንገት ተፈናጥራ ተነሣችና ማዕዘኑ ውስጥ ገብታ ተኮራመተች። ትንፋሿ ከውጭ ይሰማል። ጀሶው መሬት ላይ ፈሰሰ።

ቀበጥ! አልኩ በልቤ። እኔ እንዲያ ባደርግ ኖሮ በቁንጥጫ ነበር የምመለሰው። እሷን ማንም አልተቆጣትም። አቶ ኃይለመስቀል መሬቱን ራሱ ጠረገና ሌላ ጀሶ አቦካ። ከዚያ ማንኪያውን እጇ ላይ አስቀመጠላት። «አንቺው ያዢው፤ አንቺው አስገቢው፤ አንቺው አውጪው። እኔ በሩ ጋ እቆማለሁ» አላት። ሄዶም ቆመ። አክስቴ የእናቴን እጅ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና አስገባችው። ጀሶው እስኪደርቅ ድረስ የእናቴ ጣቶች ነጭ ሆነው ነበር።

አፏ ውስጥ ቀድሞ ምን ሲወተፍባት እንደነበረ ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም። ደግ አደረጉ።

ሲጨርሱ ቆመው አወሩ። እኔ መጋረጃው ሥር ከድመቷ ጋር የምጫወት መስዬ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«መስከረም ላይ ጀምሪ ብለዋታል፣ ጉርሱም» ትላለች እናቴ። «እንዲህ ሆና ሰሌዳ ፊት እንዴት ትቁም? ሕፃናቱስ ይስቁ፤ ትልልቆቹ አፏን አይተው የት እንደነበረች አይገባቸውም?»

«ካልሄደችስ?» አለ አባቴ። «እምቢ አለች ይሏታል። መልሰው ቢወስዷትስ?»

«ከመስከረም በፊት ይደርሳል» አለ አቶ ኃይለመስቀል። «ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች እሞርድና ወርቅ አለብሳቸዋለሁ። በእነሱ መሀል ሁለት ነጭ ጥርሶች ይያዛሉ። ድልድይ ነው እንግዲህ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች የሌሉትን ይሸከማሉ። አው ዐብዱልወሃብ ወርቁን በጀሶው ልክ ይቀጠቅጡልኛል። ወርቁን ግን እናንተ ፈልጉ፣ እኔ ዘንድ የለም።»

የያዝኩት «መስከረም»ን፣ «ጉርሱም»ን እና «ወርቅ»ን ነበር። ሰርጉ መስከረም ላይ ነው፤ ጉርሱም ነው የሚደገሰው። ወርቁንም ሙና ወዲያው ተረጎመችልኝ። «የአጎቴ ሚስት ስታገባ ደህና ጥርሷን ወርቅ አስለበሰችው። ማሻአላህ፣ ስትስቅ ክፍሉ ይበራል። አው ነው የሠራላት።»

ወርቁ ከየት እንደሚመጣ ግን ለሙናም አልታያትም።

እናቴ ጥንድ የወርቅ ጉትቻ ነበራት። ከእናቷ የወረደላት ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ታደርገውና፣ ስታወልቀው እኔ ጆሮ ላይ አንዴ ለክታ «ይሄ ያንቺ ነው፤ ጆሮሽ ሲጠና» ትለኛለች። በየጊዜው ጆሮዬን እስበው ነበር፣ ቶሎ እንዲጠና።

አንድ ጠዋት ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ተከትያት ወጣሁ። እናቴ ግቢውን አቋርጣ፣ አክስቴን በክንዷ ደግፋ፣ የአው ዐብዱልወሃብ መሥሪያ ክፍል ገባች። ከሰሉ ቀልቷል፣ ወናፉ ያለከልካል። የጀሶው አፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የአክስቴ አፍ፣ ያለ አክስቴ፣ ክፍተቱ እንዳለ። እናቴ መሀረቧን ፈታች። ጉትቻው።

«የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አው ዐብዱልወሃብ መቆንጠጫውን ይዘው ቀሩ።

«ብርቱካን! ውጪ ከዚህ!» አለች እናቴ።

«አልወጣም! የእኔ ነው ብለሻል! ለሷ ሰርግ የእኔ ጉትቻ አይቀልጥም!»

«የምን ሰርግ?»

«አውቃለሁ! ደብቃችሁኛል! በመስከረም፣ ጉርሱም፣ ለአቶ ኃይለመስቀል ልትድሯት ነው! ሂናም ተቀብታለች!»

እናቴ አፏን ከፍታ ቀረች። አው ዐብዱልወሃብ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። አክስቴ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ወደ እናቴ ቀና አለች። «እትዬ በለጡ፣ መልሽው። የልጅ ወርቅ አፌ ውስጥ አላስገባም።»

«አንቺ ደግሞ፣ የሕፃን ነገር ሰምተሽ...»

«አላስገባም አልኩ። አፌን ሸፍኜ አስተምራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ጉንፋን ይዞኛል ብዬ።»

«ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን? ሮማን፣ የምንለምንሽ ለመልክሽ መሰለሽ? እነሱ እኮ...» እናቴ እኔን አይታ ቃሏን ዋጠችው።

አው ዐብዱልወሃብ ወናፉን አቆሙት። «በለጡ ልጄ፣ ወርቁን ለልጅቷ ሰጥተሻታል?»

«ለወደፊት ብዬ ነው እንጂ፣ አው፣ ልጅ ናት እኮ!»

«ሰጥተሻታል ወይስ አልሰጠሻትም?»

እናቴ የመሀረቧን ጫፍ ታሻሽ ጀመር።

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ሕግ አለ። አባቴም እንዲሁ ነበሩ። ባለቤቱ በአፉ "ሐላል ነው" ሳይል ወርቅ እሳት ላይ አላስቀምጥም። ያልተፈቀደ ወርቅ ለለበሰው ይጎረብጣል።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ጢማቸው ሂና ነው፣ ቀይ። «ብርቱካን፣ ወርቁ ያንቺ ነው። ፍቃድሽን በይ። እምቢ ካልሽም ማንም አይመታሽ፤ እዚህ ቤት ውስጥ እኔ አለሁ።»

ሦስት ትልልቅ ሰዎች አፌን ሲያዩ! የዚያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እኔን አየኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ በርካሽ አይለቀቅም።

«ሚዜ ካደረገችኝ» አልኩ።

እናቴ ልትቆጣ ስትል አክስቴ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጥርሷን... ጥርሷን ነክሳ ልል ነው፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ በዚያ እግሯ ተንበረከከችልኝ። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ከዚያ በፊት አፏን በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር። የእኔ የወለቀበት ቦታ ለስላሳና ሮዝ ነው፤ የእሷ እንደዚያ አልነበረም።

«ካንቺ ሌላ ሚዜ አላደርግም» አለችኝ። አልቀለደችም። ዓይኗ ውስጥ ቀልድ ብፈልግም አላገኘሁም።

«ሐላል ነው» አልኩ።

«በእናንተም ቋንቋ ድገሚው» አሉ አው ዐብዱልወሃብ።

«ይሁን።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ወናፉን ያዙ። ጉትቻው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ እንቁላል አስኳል ተሰብስቦ አበራ። በጣም ያምር ነበር። እኔም በጣም ቆጨኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አክስቴ ከአቶ ኃይለመስቀል ዘንድ ያለ ነጠላ ተመለሰች። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ነበር ማለቴ ነው፣ እንደ ሰው። እናቴ በሩ ላይ አስቁማ «ስምሽን በይ» አለቻት። «ሮማነወርቅ» አለች። «እንደገና ሌላ ነገር በይ።» «ስድሳ ስድስት።» ፉጨት የለም። ሁለት ነጭ ጥርሶች፣ ግራና ቀኛቸው ጉትቻዬ። እናቴ እልል አለች። ለእኔ ጥርስ ያላለችውን እልልታ ለእሷ ጥርስ አቀለጠችው፤ አይ መሪየምም ከወዲያ ማዶ ተቀበሏት። እኔ በር ላይ ቆሜ በአዲሶቹ ጥርሶች ቀናሁ፣ በእልልታውም ቀናሁ። የእኔው ጥርስ በቅሏል እኮ፣ ጠምሞም ቢሆን! ማን ያየዋል?

የመሄጃዋ ቀን የፋሲካ ቀሚሴን ለበስኩ። ጸጉሬን ሙና ሠራችኝ፣ ቅባቱ አንገቴ ድረስ ወረደ። ሚዜ ነኛ! አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ ማንም ምን ሆነሽ ነው አላለኝም፤ አክስቴ ብቻ ትኩር ብላ ቀሚሱን አየችና እጄን ጨበጥ አደረገች። ሻንጣዋ ጣራ ላይ ወጣ። ስትገባ ተከትያት ልገባ ስል አባቴ ወገቤን ይዞ አወረደኝ። ሞተሩ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰርጉ ያለ እኔ ሊሆን ነው። ጉትቻዬን ነክሳ ልትሄድ ነው!

አውቶቡስ ተራው እስኪሰማ ጮህኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ «ወይኔ የኔ እናት፣ እንዴት ብትወዳት ነው!» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። እናቴም «እንዲህ እንደምትወጃት መች አወቅሁ!» ብላ አብራኝ አለቀሰች። እኔ በቅናት ነበር የምቃጠለው። አክስቴ በመስኮቱ እጇን ስታወዛውዝ ወርቁ ፀሐይ አግኝቶ ብልጭ አለ፤ ከዚያ አቧራው ሸፈናት።

አላገባችም። ያን ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ። አቶ ኃይለመስቀል የሦስት ልጆች አባት ነበር።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች፣ እንደ ተራ ወሬ። ስለ እስር ቤቱ፣ ስለ እግሯ፣ በጠመንጃ ሰደፍ ስለወለቁት ጥርሶቿ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አው ዐብዱልወሃብም፣ አይ መሪየምም። የማናውቀው እኔና ሙና ብቻ ነበርን፤ እኛ ደግሞ ሰርግ ስንደግስ ከረምን።

አክስቴ ጉርሱም ቀረች፤ እዚያው አስተማረች፣ እዚያው ተቀበረች። በዓል ሲሆን እኛ ዘንድ ትመጣ ነበር። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ጥርሷን በሥርዓት ትቦርሻለች፤ ግን ዝምተኛ ናት። ቀልድ ሲነገር ከንፈሯ ፈገግ ይላል እንጂ ወርቁ አይታይም። እኔም ተፈጥሮዋ ነው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ዓመት ጊደር መጋላ ገበያ ለውዝ ልገዛ ከአንድ ሰውዬ ፊት ቆምኩ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ በእኔ ዕድሜ ይሆናል። ለውዙ የጉርሱም ነው አለኝ። አክስቴ እዚያ አስተማሪ ነበረች አልኩት፣ ዋጋ እንዲቀንስልኝ ብዬ።

«ማን ትባላለች?»

«ሮማነወርቅ።»

ጆንያውን ትቶ ብድግ አለ። «ቲቸር ሮማን? ሳቂታዋ?»

«ኧረ ሌላ ሰው ይሆናል። የእኔ አክስት ዝምተኛ ነበረች።»

«ምን ዝምተኛ! ሁለት ወርቅ ጥርስ፣ መሀሉ ነጭ?»

«አዎ» አልኩ።

«በቃ እሷ ናታ! ስትስቅ ከጎን ያለው ክፍል ትምህርት ያቆም ነበር። ሒሳብ ስንሳሳት ትስቃለች፣ ስናገኘው ትስቃለች። እኛማ እሷን ለማሳቅ ብለን ነበር የምንሳሳተው፣ ወላሂ!»

እኛ የደረሰባትን እናውቅ ነበር፤ ለዚህ ይሆናል እኛ ፊት የማትስቀው። እነሱ ምንም አያውቁም፤ ስለዚህ ሳቁን በሙሉ ወሰዱት። የአምሳ ዓመት ሴት ነኝ፣ የልጅ ልጅ አለኝ፤ እዚያ ለውዝ ፊት ቆሜ፣ በማላውቃቸው የጉርሱም ልጆች ቀናሁ።

«እንዴት ነበር የምትስቀው?» አልኩት።

ሰውዬው አንዴ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በቀጭን የሴት ድምፅ ሳቀ፤ ከታች የሚነሣ፣ መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት የሚቆረጥ፣ እንደገና ካቆመበት የሚቀጥል ሳቅ። በርበሬ ሻጮቹ ዞረው አዩን።

ያንን ሳቅ አላውቀውም። አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።